ኃላፊ ጊዜውን የተዋሰ ግስ፦ የእንግሊዝኛው «ጎ» አመጣጥና ትርጉሞች

መግቢያ

የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የእንግሊዝኛ መምህራችን ሰሌዳውን በጠመኔ በሦስት ዓምድ ይከፍሉና መደበኛውን ሕግ የማይከተሉ ግሶች ይጽፉልን ነበር። በመጀመሪያው ዓምድ የግሱ መነሻ፣ በሁለተኛው ኃላፊ ጊዜው፣ በሦስተኛው ሦስተኛ መልኩ ይሰፍራል። እኛም ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን በአንድ ድምፅ እየጮኽን እንቀበላለን፦ «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን»። አንድ ቀን አንድ የክፍል ጓደኛችን ሰሌዳው ፊት ወጥቶ «ትናንት ወደ ገበያ ሄድሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እንዲተረጉም ታዘዘ። ልጁም መደበኛውን የኃላፊ ጊዜ ቅጥያ «ጎ» ላይ ጨምሮ «ጎድ» ብሎ ጻፈ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርሁ። መምህሩ «ዌንት» የሚለውን ቃል መቶ ጊዜ ጽፎ እንዲያመጣ አዘዙት። ልጁ ግን ወደ መቀመጫው ከመመለሱ በፊት «ለምን?» ሲል ጠየቀ። በላቲን ፊደል ሲጻፉ «ጎ» እና «ዌንት» አንድ ፊደል እንኳ አይጋሩም፤ ታዲያ አንዱ የሌላው ልጅ የሚሆነው በምን ዝምድና ነው? ያገኘው መልስ «እንግሊዝኛ እንዲህ ነው፤ ምክንያት የለውም» የሚል ነበር።

ከብዙ ዓመታት በኋላ እኔም መምህር ሆንሁ። በትርጉም ኮርስ ላይ ከተማሪዎቼ አንዷ ያንኑ ጥያቄ ስታነሣብኝ፣ ሰባተኛ ክፍል የሰማሁትን መልስ አንድም ቃል ሳልለውጥ መለስሁላት። ከክፍል ወጥቼ ቢሮዬ ስገባ ግን በራሴ አፈርሁ። የሥነ ጽሑፍና የቋንቋ ትምህርት ክፍል ውስጥ የሚያስተምር ሰው «ምክንያት የለውም» ሲል፣ አላውቅም ማለቱን በሥልጣን ጋቢ ሸፈነው ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ እንግዲህ የሁለት ሰዎች ጥያቄ ዘግይቶ የቀረበ መልስ ነው።

በጽሑፉ ውስጥ በቅድሚያ «ጎ» የተባለው ግስ ከየት እንደ መጣ፣ ቀጥሎ የራሱን ኃላፊ ጊዜ እንዴት እንዳጣና ከሌላ ግስ እንዴት እንደ ተዋሰ፣ ከዚያም ትርጉሙ ከእግር ጉዞ ተነሥቶ እስከ ትንቢት ጊዜ ምልክትነት እንዴት እንደ ሰፋ ለማሳየት እሞክራለሁ። በመጨረሻም ነገሩ ከእኛው ቋንቋ ጋር የሚገናኝበትን ነጥብ አነሣለሁ። የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በቀር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የጥንቱ «ጋን»

እንደሚታወቀው እንግሊዝኛ ከጀርመናዊ ቋንቋዎች ቤተሰብ የሚመደብ ነው። በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ አንግል፣ ሳክሰንና ጁት የተባሉት ነገዶች ከሰሜን ባሕር ማዶ ወደ ብሪታንያ ሲሻገሩ ይዘውት የመጡት ቋንቋ ዛሬ ጥንታዊ እንግሊዝኛ እየተባለ ይጠራል። በዚህ ቋንቋ የ«ጎ» አባት «ጋን» ነበር። ወንድሞቹም ዛሬ ድረስ በሕይወት አሉ፤ የሆላንዱ «ኻን»፣ የጀርመኑ «ጌየን»፣ የስዊድኑ «ጎ» ሁሉም መሄድ ማለት ናቸው። የሥርወ ቃል አጥኚዎች ከዚህም ወደ ኋላ አልፈው ከጥንታዊ ግሪክና ከሳንስክሪት ግሶች ጋር በማነጻጸር፣ መተውን ወይም መልቀቅን ወደሚያመለክት አንድ ጥንታዊ ሥር ያደርሱታል። ይህ እውነት ከሆነ መሄድ በመነሻው ወደ አንድ ስፍራ መድረስ ሳይሆን አንድን ስፍራ ትቶ መለየት ነበር።

«ጋን» «ጎ» የሆነበት የድምፅ ለውጥ ሥርዓት ያለው ነው። በጥንታዊ እንግሊዝኛ ረጅም የነበረው «ኣ» በደቡብና በመካከለኛው እንግሊዝ ወደ «ኦ» ተለወጠ። ስለዚህ ድንጋይ ማለት የነበረው «ስታን» «ስቶን»፣ ቤት ማለት የነበረው «ሃም» «ሆም»፣ «ጋን»ም በመጀመሪያ «ጎን»፣ መጨረሻው ላይ ያለው «ን» ሲወድቅ ደግሞ «ጎ» ሆነ። በሰሜንና በስኮትላንድ ግን ይህ ለውጥ አልደረሰም፤ እዚያ አናባቢው ወደ «ኤ» አዘንብሎ «ስቴን»፣ «ሄም»፣ «ጌ» የሚሉ ቃላት ተገኙ። አንባቢ ይህን የሰሜኑን «ጌ» እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁና።

ትርጉሙን በተመለከተ «ጋን» የዛሬውን «ጎ» ያህል ሰፊ አልነበረም። በብዙ ስፍራ የሚያመለክተው በእግር መሄድን ነው። ለረጅም ጉዞ፣ ፈረስም ተቀምጦ ይሁን በመርከብ፣ «ፋራን» የተባለ ሌላ ግስ ነበር፤ ዛሬ ከዚያ ግስ የቀረልን ስንሰነባበት የምንሰማው «ፌርዌል» ነው፤ ፍቺውም «በደህና ተጓዝ» ማለት ነው። «ጎ» በእግር የመሄድ ትርጉሙን ለብዙ ዘመን ይዞ ቆይቷል። ጆን በንያን እ.ኤ.አ. በ1684 ባሳተመው በመንፈሳዊ ተጓዡ መጽሐፍ ሁለተኛ ክፍል ላይ፣ ደካማው ተጓዥ በሚናገርበት ስፍራ ግሱን በሩጫና በመዳህ መካከል ላለው እርምጃ ይጠቀምበታል። የዛሬ አንባቢ ያንን ስፍራ ሲያነብብ በጥቂቱም ቢሆን የሚደናገረው ቃሉ ያን ጊዜ የነበረው እግር ስለ ጠፋበት ነው።

2. የጠፋው ኃላፊ ጊዜ

ከዚህ በኋላ ወደ ዋናው ጥያቄ እንመጣለን። የ«ጋን» ኃላፊ ጊዜ ምን ነበር? ብዙ ሰው «ዌንት» አንድ ቀን ገብቶ መደበኛውን «ጎድ» ያባረረው ይመስለዋል። እውነቱ ግን ከዚህ ይለያል። በጥንታዊ እንግሊዝኛም ቢሆን «ጋን» ከራሱ ሥር የወጣ ኃላፊ ጊዜ አልነበረውም። «ሄደ» ለማለት የሚነገረው «ኤኦዴ» ነበር፤ ይህም ከ«ጋን» ጋር በሥር የማይገናኝ ሌላ ቃል ነው። «ቢወልፍ» በተባለው ግጥም ውስጥ ንግሥቲቱ በግብር አዳራሽ ጽዋ ይዛ ወደ እንግዶቹ ስትወጣ አወጣጧ የተነገረው በዚሁ «ኤኦዴ» ነው። በጎት ቋንቋም «ኢድጃ» የሚባል ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ኃላፊ ግስ አለ። ስለዚህ የ«ጎ» ድህነት የጥንት ነው፤ ታሪኩ በሚታወቅበት ዘመን ሁሉ የትናንቱን ከሌላ ሲዋስ የኖረ ግስ ነው።

ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ባለው የመካከለኛው እንግሊዝኛ ዘመን «ኤኦዴ» «ዬዴ» እና «ዮዴ» እየተባለ መነገሩን ቀጠለ። ሆኖም መልኩ ከአውራጃ አውራጃ፣ ከጸሐፊ ጸሐፊ ይለያይ ነበር። በጎኑ ደግሞ ተቀናቃኝ ተነሣበት።

የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉሞች ይህን ፉክክር በግልጽ ያሳዩናል። በጆን ዊክሊፍ ስም የሚጠራው፣ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የተዘጋጀው ትርጉም «ዬዴ»ን አዘውትሮ ይጠቀማል። እ.ኤ.አ. በ1526 በታተመው የዊሊያም ቲንዴል አዲስ ኪዳን ግን ስፍራውን «ዌንት» ይዞታል። በ1611 የወጣው በንጉሥ ጄምስ ስም የሚታወቀው መጽሐፍ ቅዱስም የሚጽፈው «ዌንት» ብቻ ነው። በአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ፣ ከወንጌል አንባቢው አፍ ላይ አንድ ቃል ሞቶ ሌላው ነገሠ ማለት ነው።

የሞተው ቃል አንድ ጊዜ ከመቃብሩ ሊነሣ ሞክሮ ነበር። የቀድሞ ቃላትን መልሶ ማምጣት የሚወድደው ባለቅኔ ኤድመንድ ስፔንሰር በ1590 እና በ1596 ባሳተመው ረጅም ግጥሙ «ዮዴ»ን በኃላፊነት ተጠቀመበት። «ዬዴ»ን ግን የአሁን ጊዜ ግስ መስሎት እንደ መነሻ ቃል አገባው። በዘመኑ ቃሉን ከእናቱ የሰማ ሰው ስላልነበረ ስሕተቱን የሚያርመው አልተገኘም። አንድ ቃል ሊያከብረው የሚፈልግ ሊቅ እንኳ አኳኋኑን ካላወቀ፣ በእርግጥ ሞቷል ማለት ይቻላል።

3. «ዌንት» የማን ልጅ ነው?

«ዌንት» የራሱ አባት ያለው ቃል ነው። አባቱ «ዌንዳን» ይባላል፤ ትርጉሙ ማዞር ወይም መመለስ ነው። እርሱም ደግሞ መጠምዘዝ ከሚል ትርጉም ካለው «ዊንዳን» የተገኘ የአድራጊ መልክ ነው። በአማርኛ «ዞረ» ብለን «አዞረ» እንደምንለው፣ እንግሊዞችም «ዊንዳን» ብለው «ዌንዳን» አሉ። መንከራተት የሚል ትርጉም ያለው «ዋንደር» የተባለው ቃልም ከዚሁ ቤተሰብ ይወለዳል።

ማዞር መሄድ የሆነው እንዴት ነው? አንድ ሰው ፊቱን ወይም ራሱን ወደ አንድ አቅጣጫ ካዞረ የሚቀጥለው ሥራው ወደዚያ መራመድ ነው። «ወደ ቤቱ ዞረ» ከማለት «ወደ ቤቱ ሄደ» ወደ ማለት መሸጋገር ሩቅ አይደለም። ስለዚህ በመካከለኛው እንግሊዝኛ «ዌንድ» ራሱን የቻለ የመሄድ ግስ ሆኖ ከ«ጎ» ጎን ለጎን ይኖር ነበር። ኃላፊ ጊዜውም ሕግ የጠበቀ ነበር። «ሴንድ» ብሎ «ሴንት»፣ «ቤንድ» ብሎ «ቤንት» እንደሚባለው፣ «ዌንድ» ብሎ «ዌንት» ይባላል። ዛሬ ከሥርዓት የወጣ መስሎ የምናየው ቃል፣ በራሱ ቤት ሳለ ጨዋ ልጅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1400 የሞተው ጄፍሪ ቾሰር ይህ ሁሉ ነገር ሳይለይለት ገና በሚብላላበት ዘመን ነው የጻፈው። በካንተርበሪ ተረቶቹ መቅድም መክፈቻ ላይ ምእመናኑ ለመሳለም ስለ መነሣታቸው ሲናገር፣ በጥቂት መስመሮች ልዩነት «ጎ»ንም «ዌንድ»ንም ይጠቀማል። ለኃላፊ ጊዜም «ዬዴ» እና «ዌንት» ሁለቱም በጽሑፎቹ ይገኛሉ። ካክስተን እ.ኤ.አ. በ1476 በዌስትሚንስተር የመጀመሪያውን ማተሚያ ቤት ሲያቋቁም ግን ክርክሩ ወደ ማለቁ ተቃርቦ ነበር። በ1500 ገደማ በደቡብ እንግሊዝ «ዌንት» የ«ጎ» ኃላፊ ጊዜ ሆኖ ጸንቷል። ልጁን የተወሰደበት «ዌንድ» በፈንታው «ዌንዴድ» የሚል አዲስ ኃላፊ ጊዜ አበጀ፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ አላማረበትም። ዛሬ የሚሰማው «መንገዱን ቀስ እያለ ተጓዘ» በሚል ዓይነት አንድ የተወሰነ አነጋገር ውስጥ ብቻ ነው።

«ዬዴ» ተሸንፎ «ዌንት» ያሸነፈበት ምክንያት፣ በበኩሌ እንደሚመስለኝ፣ በሁለቱ ቃላት ግልጽነት ላይ ያረፈ ነው። «ዬዴ» ከየትም ያልተያያዘ፣ ብቻውን የቆመ፣ መልኩም የተበታተነ ነበር። «ዌንት» ግን በእነ «ሴንት» ረድፍ የተሰለፈ በመሆኑ የሰማው ሁሉ ኃላፊ ጊዜ መሆኑን ወዲያው ይረዳ ነበር።

አሁን አስታውሱልኝ ወዳልሁት የሰሜን «ጌ» እንመለስ። ስኮትላንዳውያን ከደቡቡ የተለየ መንገድ መረጡ። «ዬዴ» ሲዳከምባቸው የሌላ ግስ ልጅ በጉዲፈቻ ከማምጣት ይልቅ «ጌ» ላይ መደበኛውን የኃላፊ ጊዜ ቅጥያ ጨምረው «ጌድ» አሉ። ከ1759 እስከ 1796 የኖረው የስኮትላንድ ባለቅኔ ሮበርት በርንስ በግጥሞቹ የተጠቀመበት ይህንኑ ቃል ነው። እንግዲህ የክፍል ጓደኛችን በሰሌዳው ላይ የጻፈው «ጎድ» በደቡቡ አናባቢ የተነገረ «ጌድ» ነው። እኛ ሳቅንበት፤ እርሱ ግን አንድ ሕዝብ ለዘመናት ሲናገረው የኖረውን፣ ታላቅ ባለቅኔም የገጠመበትን ሕግ በራሱ አእምሮ እንደገና ማግኘቱ ነበር። እንግሊዝኛን ከእናታቸው የሚማሩ ሕፃናትም በተወሰነ ዕድሜ ላይ «ጎድ» ማለታቸው በቋንቋ አጥኚዎች የታወቀ ነው። ይህም የስንፍና ምልክት ሳይሆን ሕጉን መረዳታቸው ማስረጃ ነው።

አንድ ሌላ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ሌሎች ግሶች በጊዜ ብዛት ወደ ሕግ ሲገቡ «ጎ» ለምን ቀረ? ለምሳሌ ማገዝ የሚል ትርጉም ያለው «ሄልፕ» ቀድሞ «ሆልፕ» የሚባል ኃላፊ ጊዜ ነበረው፤ ዛሬ መደበኛውን ቅጥያ ይቀበላል። ልዩነቱ በአጠቃቀም ብዛት ነው። አልፎ አልፎ የሚነገር ቃል ተናጋሪው ይረሳዋልና ሕጉን ጠርቶ እንደገና ይሠራዋል። በየደቂቃው የሚነገር ቃል ግን እንደ መንገድ ዳር ድንጋይ ሁሉም ስለሚያውቀው ማንም አያነሣውም። ስለዚህ ከሥርዓት የወጡት ቃላት በብዛት የሚገኙት በቋንቋው ዳርቻ ሳይሆን በእምብርቱ ላይ ነው።

4. ከእግር ወደ ጊዜ

የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የመጀመሪያ እትም እ.ኤ.አ. ከ1884 እስከ 1928 በየክፍሉ ሲወጣ፣ «ጎ» የሚገኝበትን ፊደል ያዘጋጀው ሄንሪ ብራድሌይ ነበር። መዝገበ ቃላቱ ለየትርጉሙ ከየዘመኑ ጽሑፍ ማስረጃ በዓመት በዓመቱ ስለሚያቀርብ፣ ይህ አጭር ቃል ብዙ ገጽ ይይዛል። ሁሉንም መዘርዘር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስላልሆነ ሦስቱን ብቻ አነሣለሁ።

የመጀመሪያው ማለፍና መለየት ነው። የሄደ ሰው ከዓይን የራቀ ነውና፣ «ጎን» የተባለው ሦስተኛ መልክ ያለቀውን፣ የጠፋውንና የሞተውን ሁሉ ይገልጻል። «ከሁለት ዓመት በፊት» ለማለት እንግሊዞች የሚጠቀሙበት «አጎ» የተባለ ቃልም «አለፈ» የሚል ትርጉም ከነበረው «አጋን» የወጣ ነው። ሰውዬው «ሁለት ዓመት አጎ» ሲል፣ ሳያውቀው «ሁለት ዓመት ሄዷል» ማለቱ ነው።

ሁለተኛው ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ ሁኔታ መለወጥ ነው። በእንግሊዝኛ ወተት ሲበላሽ፣ ሰው አእምሮው ሲናወጥ፣ ፀጉር ሲሸብት «ሄደ» ይባላል። ሁኔታዎች እንደ ሥፍራ ተቆጥረው ሰውና ነገር ከአንዱ ወደ ሌላው ይጓዛል።

ሦስተኛውና ለታሪክ አጥኚ ይበልጥ የሚስበው የትንቢት ጊዜ ምልክትነቱ ነው። ዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ሊዘንብ ነው» ለማለት የ«ጎ»ን መልክ አምጥቶ «ጎይንግ ቱ» ይላል፤ ዝናብ ግን እግር የለውም፤ ወዴትም እየሄደ አይደለም። ጉዳዩ የጀመረው በእውነተኛ ጉዞ ነው። አንድ ሰው «ዕቃ ለመግዛት እየሄድሁ ነው» ሲል ሁለት ነገር ይናገራል፤ መንገድ ላይ መሆኑንና ሐሳቡን። ሰሚው ቀስ በቀስ መንገዱን ትቶ ሐሳቡን ብቻ ሰማ። እ.ኤ.አ. በ1482 በታተመ፣ አንድ መነኩሴ ያየውን ራእይ በሚተርክ መጽሐፍ ውስጥ፣ ስለ ኃጢአቷ ወደ ሲኦል ልትወሰድ ስላለች ነፍስ የተነገረበት ዓረፍተ ነገር አለ። አጥኚዎች ይህንን ስፍራ ደጋግመው ይጠቅሱታል፤ ነፍሲቱ በእርግጥ መንገድ ላይ ናትና የጉዞ ትርጉሙ አልጠፋም፤ ነገር ግን የምትሄደው በፈቃዷ ስላልሆነ የትንቢቱ ትርጉም አይሎ ይሰማል። ጆሹዋ ፑል በ1646 ባሳተመው የሰዋስው መጽሐፍ ደግሞ አነጋገሩን በቀጥታ የትንቢት ምልክት ብሎ መዝግቦታል። በራእይ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ትርጉም ይዞ የታየው፣ ከ164 ዓመት በኋላ በሰዋስው መጽሐፍ ሕግ ሆነ።

የለውጡ ማረጋገጫ በዘመናችን የንግግር ቋንቋ ውስጥ አለ። «ጎይንግ ቱ» በንግግር ተጨምቆ «ጎና» ተብሏል። ይህ የተጨመቀ መልክ ግን የሚያገለግለው ለትንቢት ጊዜ ብቻ ነው፤ ወደ ገበያ ወይም ወደ ከተማ ለሚሄድ ሰው አይነገርም። አንድ ግስ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ በመንገድ፣ ሌላው በጊዜ ውስጥ መጓዝ ጀመረ ማለት ነው።

5. አማርኛችንስ?

ተማሪዎቼ ይህን ታሪክ ስነግራቸው «እንግዲህ እንግሊዝኛ ጉደኛ ቋንቋ ነው» ይላሉ። እኔ ግን «ወደ ራሳችሁ ቤት ተመልከቱ» እላቸዋለሁ። «መጣ» የሚለውን ግስ በትእዛዝ አንቀጽ አርቡት። «ቀጣ» ብሎ «ቅጣ» እንደሚባለው «ምጣ» ሊባል በተገባ ነበር። እኛ ግን «ና፣ ነዪ፣ ኑ» እንላለን። «ና» እና «መጣ» የሚጋሩት አንድም ሥር ፊደል የለም። ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው፣ አሉታ ሲሆን ሥሩ ተመልሶ መምጣቱ ነው፤ «አትና» አንልም፤ «አትምጣ» እንላለን። አክብረን ስንጠራም «ይምጡ» ነው። ይህ ደግሞ የአማርኛ ፈጠራ አይደለም። በግእዝ ግሱ «መጽአ»፣ ትእዛዙ «ነዓ፣ ነዒ፣ ንዑ» ነው፤ በትግርኛም «ንዓ» ይባላል። በዓረብኛ የቃላቱ ሥር ሌላ ቢሆንም «ጃአ» የሚለው ግስ ትእዛዙ «ተዓል» ነው። የእንግሊዝኛው ግስ ኃላፊ ጊዜውን እንደ ተዋሰ፣ የእኛውም ትእዛዙን ተውሷል። ልዩነቱ የእኛውን አፍ ስንፈታ ስለ ተቀበልነው ማንም ሰሌዳ ፊት ቆሞ አለመጠየቁ ነው።

«ነው» ብለን ኃላፊውን «ነበር»፣ ትንቢቱን «ይሆናል» ማለታችንም እንዲሁ ከሦስት ሥሮች የተጠጋገነ ነው። «ነበረ» በግእዝ ተቀመጠ ማለት ነው፤ መንበርን ያስገኘውም ይኸው ግስ ነው። «ዌንት» ውስጥ አንድ የዞረ ሰው እንዳለ ሁሉ፣ «ነበር» ውስጥም አንድ የተቀመጠ ሰው አለ።

ስለ መሄድ ካነሣን ደግሞ፣ ግእዝ «ሄደ»ን የሚገልጸው «ሖረ» በሚለው ግስ ነው። አማርኛ በዚህ ግስ አይናገርም፤ ይሁን እንጂ ከግእዝ በተቀበላቸው ስሞች ውስጥ ይዞታል። ሐዋርያ የሚሄድ፣ የሚላክ ሰው ነው፤ ፈለኮች የሚዞሩበትን መንገድ ምሕዋር የምንለውም ከዚሁ ሥር አውጥተን ነው። እንግሊዞች «ዬዴ»ን ሲቀብሩ አንድም ስም አላስቀሩለትም፤ እኛ ግን «ሖረ»ን በቤተ ክርስቲያንም በሰማይም አኑረነዋል።

በትርጉም መስፋትም ቢሆን ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይተዋወቁ ተገናኝተዋል። «ዋጋው እየጨመረ ሄደ»፣ «ሕመሙ እየቀነሰ ሄደ» ስንል የሚሄድ እግር የለም፤ «ሄደ» የድርጊቱን ቀስ በቀስ መቀጠል የሚያሳይ ረዳት ሆኗል። ትንቢትን በተመለከተ ግን መንገዳችን ይለያያል። እንግሊዝኛ ሊዘንብ ያለውን ዝናብ በመንገድ ሲያስኬደው፣ አማርኛ የዓላማ ምልክት በሆነችው «ለ» ብቻ «ሊዘንብ ነው» ብሎ ይጨርሳል። አንዱ ቋንቋ ጉዞውን ይዞ ወደ ነገ ሲደርስ፣ ሌላው በሐሳቡ ብቻ ደረሰ።

መደምደሚያ

ከላይ ከቀረበው ሁለት ነገር ማጠቃለል ይቻላል። አንደኛ፣ «ምክንያት የለውም» የተባለው «ዌንት» ምክንያት ብቻ ሳይሆን አባት፣ ዘመንና አገር አለው። ሁለተኛ፣ ትክክልና ስሕተት የምንላቸው አነጋገሮች ብዙ ጊዜ የሚለዩት በሕግ ሳይሆን በታሪክ አጋጣሚ ነው። ኤድንብራ ትክክል የነበረው ለንደን ስሕተት ነበር። ይህን ስል ተማሪ እንደ ወደደው ይጻፍ ማለቴ አይደለም፤ መደበኛ ቋንቋ ያስፈልጋል። ነገር ግን በአንድ አውራጃ ወይም በወጣቶች አፍ የሚነገር የአማርኛ መልክ ስንሰማ «ብልሽት ነው» ብለን በቀይ ቀለም ከመሰረዛችን በፊት ከየት እንደ መጣ እንጠይቅ።

ለመጠየቅ ግን መሣሪያ ያሻል። ስለ «ዌንት» ይህን ያህል ለመናገር የቻልሁት፣ ሌሎች ሰዎች ቃሉን በየዘመኑ ከየጽሑፉ ለቅመው፣ ዓመት ጽፈውበት ስላቆዩልኝ ነው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. (ሁለቱም እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) ሲታተሙ ታላቅ ሀብት አውርሰውናል፤ ሥሩን፣ እርባታውንና ፍቺውን ይነግሩናል። ቃሉ በየዘመኑ የታየበትን ጽሑፍና ዓመት በተራ ማስፈር ግን የእነርሱ ዓላማ አልነበረም፤ ለእኛ የቀረ ሥራ ነው። ጥሬ ዕቃው አለ። ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለነገሥታት የተዘመሩት የአማርኛ ግጥሞች አሉ፤ ሂዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አለ። በየዓመቱ የመመረቂያ ርእስ ፍለጋ ወደ ቢሮዬ ለሚመጡ ተማሪዎች አሁን የምነግራቸው ይህንኑ ነው፦ አንድ ግስ ምረጡ፤ ትንሽ፣ ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም የማይጠይቀው ይሁን። ከዚያም ከጥንታዊው ጽሑፍ ጀምራችሁ ተከተሉት።

የሰባተኛ ክፍል ጓደኛዬን ከዚያ ወዲህ አላገኘሁትም። መቶ ጊዜ የጻፈውን ወረቀት አስረክቦ ሲመለስ ጣቶቹ በቀለም ተበክለው እንደ ነበር አስታውሳለሁ። ባገኘው የምነግረው አጭር ነው፦ ጥያቄህ ትክክል ነበር፤ መልስህም ቢሆን፣ አገሩን ተሳሳተ እንጂ ሕጉን አልተሳሳተም።